አራት መቶ ሃያ ሜትር

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ፍሬ ስብሐት ገብረ ኪዳን
ዕድሜ፦ 31 ዓመት
ሥራ፦ ፎቶግራፍ አንሺ
አድራሻ፦ ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ ስለ ተገለበጠች ታንኳና በምናሴ ላይ ስለ ደረሰው ጉዳት
ቃሉን የተቀበሉት፦ ዋና ሳጅን ሰገነት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ጣቢያው ቀርቤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ጀልባ ነጂው አቶ አምባቸው ከእሑድ ጀምረው የታሰሩት እኔ ባነሣሁት ፎቶ ምክንያት ስለሆነ ነው። ፎቶው የሚያሳየው ነገር ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ይህን የማስረዳው እኔ ነኝ፤ እኔ ዝም ካልሁ ሰውየው ባልሠሩት ይቀጣሉ። የምናገረው ቃል በራሴም ላይ ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል ዋና ሳጅን ሰገነት አስቀድመው ነግረውኛል፤ ገብቶኛል።

ፎቶ ማንሣት እንጀራዬ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት አነሣለሁ። ወደ ደሴቶቹ የምሄደው ግን ለሥራ አይደለም። አባቴ መሪጌታ ገብረ ኪዳን፣ እናቴ ካረፈች በኋላ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ከደሴቶቹ በአንዱ ገዳም መነኮሱ። ዛሬ የሚጠሩት አባ ወልደ ጻድቅ ተብለው ነው። ዋና ሳጅን በመዝገቡ ላይ በየትኛው ስም ልጻፋቸው ብለው ቢጠይቁኝ፣ አባቴ ተብለው እንዲጻፉልኝ አመልክቻለሁ። ሲመነኩሱ በቁማቸው ፍትሐት ተደርጎላቸዋል፤ ለዓለም ሞተዋል። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ የሴት እግር አይረግጠውም። ገብቶ አይቶልኝ የሚመጣ ወንድም የለኝም። ሥርዓቱን አልቃወምም፣ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ነገር ግን አባቴ ናፍቀውኛል። ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ፤ ይህ ካልተጻፈ የቀረው ቃሌ አይገባም።

ከገዳሙ ፊት ለፊት ሴቶች የሚቆዩባት ትንሽ ደሴት አለች። ጀልባ ነጂዎች ሴቶቹን እዚያ ያወርዱና ወንዶቹን ወደ ገዳሙ ያሻግራሉ። አቶ አምባቸው አባቴን ከድሮ ስለሚያውቁ፣ ጎብኚ ሲይዙ ይደውሉልኛል። ቦታ ካለ ያለ ክፍያ ይወስዱኛል። እንዲህ እያልሁ ከአራት ዓመት በላይ፣ በወር አንዴም ሁለቴም፣ ከደሴቷ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማዶውን ሳይ ኖርሁ። አባቴ ከዘጠኝ ሰዓት ጸሎት በኋላ ወደ ውኃው ዳር ይወርዳሉ። በባዶ ዓይን የሚታየው አንዲት ቢጫ ነጥብ ናት። እኔ እዚያ እንደምመጣ አያውቁም፤ አቶ አምባቸውም እንዳይነግሯቸው ለምኛቸዋለሁ፤ እንድትመጪ አልፈልግም ይሉኛል ብዬ ስለፈራሁ ነው። በአቶ አምባቸው እጅ ጋቢም ሆነ ጧፍ ስልክላቸው የሚመጣልኝ መልስ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ሰላም ነኝ፣ አትድከሚ።

ስለ ሌንስ ዘርዘር አድርጌ የምናገረው የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። የእኔ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነው ዓይነት ነው፤ እኛ ክሮፕ እንለዋለን። ሴንሰር ማለት ድሮ ፊልም ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ያለ፣ ብርሃኑ የሚያርፍበት ነገር ነው። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሄድ ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊውን ያሳያል፣ ሲበዛ ጠበብ አድርጎ ሩቁን ያጎላል። በ55 አባቴን ሳነሣቸው የምስር ፍሬ ያህል ሆነው ወጡ። ኋላ አንድ ሠርግ ላይ ያገኘሁት ባለሙያ፣ በክሮፕ ካሜራ 50 ሌንስ 80 ይሆናል ሲል ሰማሁ። ሰማሁ እንጂ አላዳመጥሁም። 80 ከ55 ይበልጣል ብዬ በማግሥቱ ሮጬ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ገዛሁ። በሳምንቱ ከደሴቷ ሆኜ ባይበት አባቴ ጭራሽ ራቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው።

ሌንሱን ይዤ ኪዲ ወደምንለው ካሜራ ጠጋኝ ሄድሁ። ኪዲ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ማባዣው በዚያ ካሜራ ላይ ለሚገጠም ሌንስ ሁሉ እንደሆነ፣ 50ው 80 ከሆነ 55ቱም 88 እንደሚሆን፣ ስለዚህ እቤቴ ካለው ያነሰ ገዝቼ እንደ መጣሁ ነገረኝ። ሌንሱ ራሱም አይለወጥም፤ ቁጥሩ የሚነገረው ትልቅ ሴንሰር ካለው ካሜራ ጋር ለማወዳደር ያህል ነው አለ። እንዳልገባኝ ሲያይ ከጠረጴዛው ላይ የተበላሸ የሙሽሮች ፎቶ አነሣና ዙሪያውን በመቀስ ከርክሞ መሐሉን ሰጠኝ።

«ይኸውልሽ ክሮፕ ማለት» አለኝ። «ሙሽራው ቀረበሽ እንዴ? አልቀረበም። ዙሪያው ነው የጎደለ።»

በዚያ ቀን ተናድጄ ወጣሁ። 50ውን ለሙሽሮች ፊት አደረግሁት፤ ለዚያ እንኳ የሚወጣለት የለም። ከአራት ወር በኋላ ያገለገለ ከ55 እስከ 250 የሚሄድ ሌንስ ከኪዲ ገዛሁ። በእኔ ካሜራ 250ው፣ በትልቁ ካሜራ 400 ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ጠበብ አድርጎ ያሳያል። በእሱ መጀመሪያ ያየኋቸው ዕለት አለቀስሁ። ፊታቸው አይለይም። ግን የመጽሐፍ ማኅደር ሲሸከሙ የኖሩበት ግራ ትከሻቸው ዝቅ ማለቱ፣ ሲቆሙ መቋሚያቸውን ወደ ብብታቸው ማስጠጋታቸው ይታያል። እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወደ ደሴቷ ስሄድ ሌላ ሌንስ ገጥሜ አላውቅም፤ ሰፊው ከቦርሳ አይወጣም። ለአንድ ሰው ብዬ ሐይቁን የሚያህል ነገር ማየት ትቻለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

የካቲት 8 ቀን ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ገደማ በአቶ አምባቸው ጀልባ፣ ከስድስት ሴቶችና ከአራት ወንዶች ጎብኚዎች ጋር ከባሕር ዳር ተነሣን። አቶ አምባቸው እኛን ሴቶቹን ትንሿ ደሴት ላይ አወረዱን፤ ወንዶቹን ወደ ገዳሙ አሻግረው ብቻቸውን ወደ እኛ ተመለሱ። እኔ እንደ ልማዴ ከድንጋዩ ላይ ሆኜ ሌንሱን 250 ላይ አድርጌ ማዶውን ሳይ ነበር። አባቴ ወርደው ቆመዋል። በካሜራዬ ሰዓት 9፡11 ላይ የመጀመሪያውን ፎቶ አነሣሁ። በፎቶው ከፊት ወደ እኔ የሚመጣው የአቶ አምባቸው ጀልባ፣ ከኋላው የምናሴ ታንኳ፣ ከታንኳዋ ኋላ አባቴ ይታያሉ። ምናሴ የቁንዝላ ልጅ ነው፤ ለገዳሙ እንጨትና እህል በታንኳ ያመላልሳል።

ያን ፎቶ የዚያን ዕለት 12፡00 ሰዓት ላይ፣ «አባቴ» የሚል ቃል ብቻ ጽፌ በፌስቡክ ገጼ ላይ ለጠፍሁት። በዚያ ሰዓት ስለ አደጋው አልሰማሁም ነበር። በማግሥቱ እሑድ የምናሴ ታንኳ መገልበጧ፣ እሱም ብዙ ውኃ ጠጥቶ ሆስፒታል መግባቱ ሲወራ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ፎቶዬን ወስደው አባቴ ያሉበትን ላይኛውን ክፍል ቆርጠው ጥለው፣ ጀልባውንና ታንኳዋን ብቻ አስቀርተው አዳረሱት። ሲታይ ጀልባው ታንኳዋን ታክኮ ያለፈ ይመስላል። በሞገዱ ገልብጦት ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ ተባለ። የለጠፍሁትን ባጠፋውም የተቆረጠው ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ስልክም ተጨምሯል። ምናሴ እስከ ዛሬ መናገር ስላልቻለ የሚናገርለት ያ ፎቶ ብቻ ሆነ፤ አቶ አምባቸውም በእሱ ታሰሩ።

ፎቶው ውስጥ በጀልባውና በታንኳዋ መካከል ያለው ርቀት ስንዝር ይመስላል። እውነተኛው ርቀት ግን ከመቶ ሃምሳ ሜትር በላይ ነው። ትናንት ቀርቤ የቆምሁበትን ቦታ ካመለከትሁ በኋላ ፖሊስ በጀልባ ሄዶ እንደ ለካው፣ እኔ ከቆምሁበት ድንጋይ እስከ ገዳሙ ወደብ አራት መቶ ሃያ ሜትር ነው። ታንኳዋ ከወደቡ መቶ ሜትር ያህል ብቻ ይቀራት ነበር፤ ስለዚህ ከእኔ ሦስት መቶ ሃያ ሜትር ትርቃለች። ጀልባው ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ሲመጣ የሚታየው ስፋቱ ነው፤ እሱም ሁለት ሜትር ነው። ታንኳዋ በጎኗ ነበረች፤ ዋና ሳጅን አስለክተዋታል፣ አራት ሜትር ናት። በፎቶው ላይ ሁለቱም እኩል ቦታ ይዘዋል። ጎን ለጎን ቢሆኑ ኖሮ ታንኳዋ የጀልባውን እጥፍ ሆና ትታይ ነበር። እኩል የሆኑት ታንኳዋ እጥፍ ስለራቀች ነው። በመካከል ያለውን ውኃ የበላው ሩቅ መቆሜ ነው፤ ሌንሱ የሠራው ከዚያ ሩቅ እይታ መሐሉን ቆርጦ ማጉላት ብቻ ነው።

ዋና ሳጅን ይህን በቃል ብቻ አልቀበልም ስላሉ፣ ዛሬ ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት ላይ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ሁለት ፖሊሶችን አቁመን ሞክረናል። አንደኛው ከእኔ መቶ ስልሳ፣ ሁለተኛው ሦስት መቶ ሃያ ሜትር ርቀው ቆሙ። በ250 አንሥቼ አሳየኋቸው። ሁለተኛው ፖሊስ የመጀመሪያው ትከሻ ላይ ልጅ ሆኖ የተቀመጠ ይመስላል። ዋና ሳጅን ካሜራውን ተቀብለው በራሳቸው ዓይን አዩና፣ ሠርጋቸው ላይ አማታቸው እላያቸው ላይ የቆሙ መስለው የወጡት በዚህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሊሆን ይችላል አልኋቸው። ፎቶው ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል።

ሁለተኛው ፎቶ የተነሣው 9፡14 ላይ ነው። ይህን ፎቶ እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየሁም። በዚያ ጊዜ አቶ አምባቸው ደሴታችን ደርሰው ሞተር አጥፍተዋል፤ ስድስቱ ሴቶች ምስክር ናቸው። በፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ የምናሴ ታንኳ ሳትገለበጥ፣ እሱም እየቀዘፈ ይታያል። ስለዚህ የአቶ አምባቸው ጀልባ አልገለበጣትም። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ያን ዕለትም ነበር። ምን እንደ ገለበጣት ግን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም።

እስካሁን የተናገርሁት ቀላሉ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። አቶ አምባቸው የተጠየቁበት ሁለተኛ ነገር አለ፤ ከማዶ መነኩሴ በእጃቸው እየጠሩ ለምን አልሄዱም የሚል ነው። እሳቸው የሰጡት መልስ ሰላምታ መስሎኝ ነው የሚል ብቻ እንደሆነ፣ ምግብ ይዤ ማክሰኞ ጣቢያው በር ላይ ስቆም ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትዓለም ነገሩኝ። ለምን ሰላምታ እንደ መሰላቸው ግን አልተናገሩም። «አንቺን እንዳይነኩሽ ብሎ ነው ዝም ያለ» አሉኝ ወይዘሮ እናትዓለም። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ፎቶ ካነሣሁ በኋላ ካሜራውን ትንሽ ወደ ቀኝ አዞርሁ። ያዞርሁት አባቴን መሐል ለማድረግ ነው። ታንኳዋ በዚያ ጊዜ ከምስሉ ወጣች። 9፡17 ላይ አባቴ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። በሌንሱ ውስጥ ቀጥታ ወደ እኔ ነበር። ያን ጊዜ ሦስተኛውን ፎቶ አነሣሁ። ከዚያ ካሜራውን ከዓይኔ ሳላወርድ ቀኝ እጄን እንደ እሳቸው አነሣሁ። እሳቸው አወዛወዙ፤ እኔም አወዛወዝሁ። አወቁኝ አልሁ። አራት ዓመት ከሦስት ወር ስጠብቅ የኖርሁት ያን አንድ እጅ ነበርና ሌላ ምንም ሊሆን እንደሚችል በሐሳቤ አልመጣም። ደስታዬን ልደብቀው አልችልም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አቶ አምባቸው ከበታቼ ጎንበስ ብለው የጀልባውን ገመድ እያሰሩ ነበር። እጄን ሲያዩ ማን ነው ብለው ጠየቁኝ።

«አባባ አወቁኝ፣ ጋሼ። ሰላም እያሉኝ ነው።»

«እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አሉኝ።

ዞር ብለው ማዶውን አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ቢያዩም ፀሐይዋ ውኃው ላይ ስለምታንጸባርቅ የተገለበጠች ታንኳ ከዚያ በባዶ ዓይን መለየቱን እጠራጠራለሁ። ሰፊውን ሌንስ ገጥሜ ቢሆን፣ ወይም ካሜራውን ከዓይኔ አውርጄ ቢሆን፣ እኔ ራሴ አንድ ነገር ሳላይ አልቀርም ነበር። አቶ አምባቸው ወንዶቹን ለመመለስ 10፡00 ሰዓት ላይ ወደ ገዳሙ ሲሻገሩ፣ መነኮሳቱ ምናሴን አውጥተው ዳር ላይ አስተኝተውት አገኙ። ጎብኚዎቹን ትተው እሱን ይዘው ወደ ከተማ በረሩ። እኛን በሌላ ጀልባ አስወሰዱን፤ የተነገረን የታመመ ሰው ይዘው ሄዱ ተብሎ ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ፎቶ የለጠፍሁት የትም የለም። ለራሴ አስቀረሁት። እሑድ ጠዋት ወሬውን ሳልሰማ ትልቅ አድርጌ አትሜ ስቱዲዮዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ሳትመው በግራው ጠርዝ አንዲት ጥቁር ነገር፣ ጥፍር የምታህል፣ ገብታ ፎቶውን ስላበላሸችብኝ ያን ጠርዝ በመቁረጫ ቆርጬ ጥያለሁ። ማክሰኞ ከወይዘሮ እናትዓለም ተለይቼ ስመለስ ዋናውን ምስል በኮምፒውተር ከፍቼ አጎላሁት። የተገለበጠች ታንኳ አፍንጫ ናት። ካሜራውም የቆረጣትን፣ እኔም በእጄ የቆረጥኋትን፣ ይኸው ሳልቆርጥ ለዋና ሳጅን አስረክቤያለሁ።

ስለዚህ አቶ አምባቸው ምልክት አይተው ችላ አላሉም። ሰላምታ ነው ያልኋቸው እኔ ነኝ። ስህተቱ የእሳቸው ሳይሆን የእኔ ነው። ከጥፋት የሚቆጠር ከሆነም በእኔ ይቆጠር።

ይህን ከተናገርሁ በኋላ ዋና ሳጅን ሰገነት መዝገቡን ገለጡ። ቀጥሎም ፖሊሶች ሰኞ ዕለት ወደ ገዳሙ ሄደው ከአባ ወልደ ጻድቅ የተቀበሉት ቃል እንዳለ ገልጸው፣ ከምስክርነቴ ጋር ስለሚገናኝ መስማት እፈልግ እንደሆነ ጠየቁኝ። እፈልጋለሁ አልሁ። ከዚያ ቃል ውስጥ የሚከተለውን አነበቡልኝ፤ እንዲጻፍም ተስማምቻለሁ።

«ልጁ ሲገለበጥ አይቼ ለጀልባው ሰው እጄን አነሣሁ። ከማዶ አንዲት ሴት እጇን አንሥታ መለሰችልኝ። ደጋግሜ ባወዛውዝ ደጋግማ መለሰች። አይታለች፣ ጀልባውን ትልካለች ብዬ ቆምሁ። ወንድሞችን ለመጥራት የዘገየሁት በዚህ ነው። ሴትየዋን አትውቀሱብኝ፤ ሩቅ ነበረች።»

ሴትየዋ ማን እንደሆነች አባቴ ተጠይቀው እንደሆነ ጠየቅሁ። ዋና ሳጅን አዎ፣ ተጠይቀው ነበር፤ አላውቃትም ነው ያሉት አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ክንዴ ላይ አድርገው ነበር። ውኃ ከጠጣሁ በኋላ ቃሌን ቀጥያለሁ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የሴትየዋ ማንነት ለአባቴም ሊነገራቸው እንደሚችል ተገልጾልኛል። እንዳይነገርብኝ አልጠይቅም። እንዲነገርልኝም አልጠይቅም። አቶ አምባቸው ግን ለዚህ ብለው አንዲት ቀን እንኳ ተጨማሪ እንዳይታሰሩ አመለክታለሁ።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል፤ ሳልገደድ፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ ነው። በአባ ወልደ ጻድቅ ቃል ውስጥ ከማዶ እጇን አንሥታ መለሰችልኝ የተባለችው ሴት እኔ ነኝ፤ ልጃቸው ነኝ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ፍሬ ስብሐት ገብረ ኪዳን
ቃሉን የተቀበሉት ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ሰገነት